አየሁ ያልሁት ጃንጥላ

የፀጋው ቤት የነፍስ አባት መምሬ ቴዎፍሎስ ስልክ አይወዱም። ሐሙስ ጠዋት ራሳቸው ደውለው «ልደቱ፣ ቅዳሜ ዳባት ና፤ የዓለምዬን ነገር ሳልቋጭ መሞት አልፈልግም» ሲሉኝ ነገሩ በሰበብ የሚታለፍ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰበብ ግን አላጣሁም። መንገዱ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ገና መከፈቱ ነው፣ ሱቁን የምተውለት ሰው የለኝም፣ ቡይት ራስ ያለ አንድ ሎጅ ዲሹን እንዳስተካክልለት ቀጥሮኛል። ሦስቱንም ደረደርሁላቸው። እስክጨርስ ጠበቁና «እንግዲህ ቅዳሜ» ብለው ዘጉት።

ዓለምዬ የፀጋው ሚስት ናት። ሚስት ናት ወይስ መበለት የሚለው ነው የመምሬ ጣጣ። ጣጣውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ የፀጋው ሚዜ።

ደባርቅ መናኸሪያው ጀርባ ቴሌቪዥንና ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት አየር ኃይል ነበርሁ። ከተማው አብራሪ የነበርሁ ይመስለዋል፣ እኔም አላረምሁም፤ ለማረም ከፈለግሁ ከዚህ የባሰ የሚታረም ነገር ነበረኝ። አንድም ቀን መሪ ጨብጬ አላውቅም። የእኔ ሥራ ከአብራሪው ከሻለቃ እንግዳው ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጦ መስማት ነበር። ጄቱ ላይ የተገጠመ መሣሪያ የጠላትን ራዳር ይሰማል፣ እኔ ደግሞ መሣሪያውን ጆሮዬ ላይ በደፋሁት ኩፊያ እሰማለሁ። ራዳር ሰማዩን ሲያስስ ድምፁ ብቅ እያለ ይጠፋል። አንድ አውሮፕላን አግኝቶ ከያዘ ግን አይቋረጥም፤ ጆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ማለት ነው። ያን ጊዜ «አሁን» እላለሁ፣ ሻለቃው ሚሳይሉን ይለቃል፣ ሚሳይሉ የራዳሩን ድምፅ ተከትሎ ሄዶ ራዳሩ ላይ ያርፋል። እነሱ በመሐል ራዳሩን ካጠፉት ሚሳይሉ ይታወርና ባሕር ውስጥ ይገባል።

በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ የታዘዝነው አንዲት ደሴት ላይ ያለ ራዳር እንድናጠፋ ነበር። ስሟን አልጠራም። ዛፍም ውሃም የሌላት ድንጋይ ናት፤ ከዚያ ጦርነት በፊት ዓሣ አጥማጅ እንኳ የሚያድርባት አይመስለኝም። ራዳሩ ግን ባሕሩን ሁሉ ያያል፣ ከጎኑም አውሮፕላን የሚጥል ሚሳይል ተተክሏል።

ሁለት ጊዜ ሄደን ባዶ እጃችንን ተመለስን። መንገዱ ሩቅ ነው። ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ አስረን እንኳ እዚያ ደርሰን መዞር የምንችለው ለስምንት ደቂቃ ነው። ራዳሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ ቂሎች አልነበሩም፤ ጄት ሲሰሙ ያጠፉታል። እኛ እንዞራለን፣ እነሱ ጸጥ ይላሉ፣ ነዳጃችን ይጎድላል፣ ፊታችንን ስናዞር ከኋላችን መልሰው ያበሩታል። በኩፊያዬ እየሰማኋቸው ነው የምመለሰው። በሁለተኛው ቀን አዛዣችን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «የምትሄዱት ለመዋኘት ከሆነ ፎጣ ይታደላችሁ» አለን። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ያን ቀን ምን ያህል ውስጤ ዘልቆ እንደገባ ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ አዛዡ ዘዴ አመጣ። አንዲት ያረጀች አንቶኖቭ ነበረችን፣ ዕቃ የምታመላልስ፣ ሁሉም «አሮጊቷ» የሚላት። አሮጊቷ ዕቃ ጭና በደሴቲቱ አጠገብ እንድታልፍ ይደረጋል። ቀርፋፋ ናት፣ አጃቢ የላትም፤ ጠላት ሲያያት ራዳሩን አብርቶ ይይዛታል። እኛ ከኋላዋ ውሃውን ታክከን ዝቅ ብለን እንከተላለን። ይህ ግን ለአሮጊቷ ሰዎች አይነገርም። ካወቁ ይፈራሉ፣ ከፈሩ አካሄዳቸው ይለወጣል፣ ጠላትም ይነቃል አለ አዛዡ። እኔና ሻለቃ እንግዳው አቀርቅረን ሰማን። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ትሏን አማክሮ አያውቅም።

ከአሮጊቷ ሰዎች አንዱ ፀጋው ነበር፣ መንገድ መሪው። የዳባት ልጅ፣ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ የተማረ፣ አየር ኃይል ከመግባቱ በፊት በዲቁና የቀደሰ። ከሁለት ዓመት በፊት ዓለምዬን በቁርባን ሲያገባ ከጎኑ የቆምሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ጠዋት ሜዳው ላይ አየሁት። እጁን አውለበለበልኝ፣ አውለበለብሁለት። አሥር እርምጃ ነበር በመካከላችን።

ሥልጠና ላይ የተማርነው የራዳሩ ድምፅ ሳይቋረጥ ስድስት ሰኮንድ ከቆየ ይበቃል ተብሎ ነው። ደሴቲቱ ጋ ስንደርስ ድምፁ ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ብቅ አለ፣ ከዚያ ያዘ። መቁጠር ጀመርሁ። በሌላው ጆሮዬ ፀጋው በሬዲዮ ለጣቢያው ይናገራል፤ በዚያ በማይቸኩል የዳባት አነጋገር «በግራ በኩል ደሴት ይታየናል፣ ሰላም ነው» ይላል። ስድስት ደረስሁ። «አሁን» ብዬ እነሱ ቢያጠፉትስ አልሁ በልቤ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ባዶ እጄን ልመለስ ነው? ፎጣው ትዝ አለኝ። ትንሽ ይቆይ፣ በደንብ ይያዛት አልሁ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ እያልሁ አሥራ አራት ላይ «አሁን» አልሁ። ሚሳይላችን ሄደ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ተቆረጠ፤ ራዳሩ ከነሰዎቹ አበቃ። የእነሱ ሚሳይል ግን ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ከፊታችን ሰማዩ አንድ ጊዜ በራ፣ አሮጊቷም አልነበረችም።

በስድስት ብል ኖሮ የእነሱ ሚሳይል ሳይነሣ ራዳራቸው ይመታ ነበር ወይ? ይህን ሰው ጠይቄ አላውቅም። ሒሳቡን ግን አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ ነበር። ይመታ ነበር።

ሜዳሊያ ተሰጠን። ከሜዳሊያው ጋር በተሰጠን ወረቀት ላይ «ግዳጁ ያለ አንዳች ጉዳት ተፈጸመ» ተብሎ ተጻፈ፤ አሮጊቷ የግዳጁ አካል አልነበረችማ። ለዳባት የተላከው ደብዳቤ ፀጋው በሥራ ላይ እያለ ጠፍቷል ይላል። ጠፍቷል። እንደ ፍየል።

ሐምሌ ላይ ፈቃድ አግኝቼ ዳባት ሄድሁ። እውነቱን ልነግራቸው ነበር የሄድሁት፤ ይህን የሚያምነኝ ባይኖርም። ቤቱ በሰው ሞልቷል። የፀጋው እናት ከመደቡ ወርደው ጉልበቴን ያዙና «በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ሲወድቅ አይተኸዋል?» አሉኝ። ዓለምዬ ከጀርባቸው ቆማለች፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ከንፈሯ ደርቋል።  አየሁት ብል «አንተ የት ሆነህ?» ይሉኛል። ከኋላው ብል «ከኋላው ምን ትሠራ ነበር?» ይሉኛል።

«ጃንጥላ ሲከፈት አይቻለሁ» አልሁ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እናትየው መሬት ሳሙ። መምሬ ቴዎፍሎስ፣ ያን ጊዜ ጢማቸው ገና ጥቁር ነው፣ መስቀላቸውን አውጥተው «ይህን ይዘህ በለው» አሉኝ። ይዤ ደገምሁት። አንተን የያዘ አምላክ እሱንም ይዞታል፣ በሕይወት ይመለሳል ብለው ባረኩ። ጠላ ቀረበልኝ፣ ጠጣሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኔ ግን አልተፈታም፤ እየጠበቀ ሄደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ምርኮኛ ተለዋወጡ፣ ፀጋው የለም። «ደብቀው የሚያሠሯቸው አሉ» ተባለ። እናቱ አራት ዓመት ጠብቀው ሞቱ። ሲሞቱ ልጄ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኘው ብለው ዓለምዬን አደራ አሏት። እሷም አማቷ ቤት ቀረች። በረንዳው ላይ ሲንጀር አስቀምጣ ልብስ ትሰፋለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዲያቆናት ቀሚስ።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ዋሴ የሚባል መምህር ለትዳር ጠየቃት። ደግ ሰው ነው፣ ዝምተኛ፣ እንደ እሷ የካህን ልጅ። ፍርድ ቤት ሄዳ ባሏ ከስምንት ዓመት በላይ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት አወጣች። መምሬ ወረቀቱን አዩትና ይህ ለቤትና ለመሬት ይሆናል፣ በቁርባን ለተጋባ ሰው ግን ሞቱን ያየ ምስክር ያስፈልጋል አሉ። ምስክሩ ሞተ ካለ ፍትሐት ይደረጋል፣ ፍትሐት ከተደረገ እሷ ነጻ ናት። ሰው ያለ ፍትሐት አይሞትም በእኛ አገር፤ አጥንቱ ባሕር ውስጥ ቢሟሟም በደብሩ መዝገብ በሕይወት አለ። ማዘጋጃ ቤት ተፈራርማ ማግባት ትችል ነበር፣ የሚያደርጉት ሞልተዋል። እሷ ግን የቄስ ልጅ ናት። እንዲያ ተጋብታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ማስቀደስን አልወደደችም።

መምሬ ደባርቅ ድረስ መጥተው ሱቄ ገቡ። የመጡበትን ነገሩኝ። መስቀሉን አወጡና «ልደቱ፣ ዓመቱ ረዝሟል። ያን ዕለት ያየኸው ጃንጥላ ነው ወይስ ጭስ?» አሉኝ። ጥያቄውን ራሳቸው አቅልለው አመጡልኝ፣ ጭስ ነው ብል ይበቃ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ጋብዞኝ፣ ሜዳሊያዬን አድርጌ፣ ስለ ጀግንነት ተናግሬ፣ ተማሪ አጨብጭቦልኝ ነበር። ጃንጥላ ነው አልሁ። ዋሴ ሦስት ዓመት ጠበቀና ሌላ አገባ።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ድንበሩ ሲከፈት ዓለምዬ ራሷ መጣች። እንደ ሁልጊዜው «ጋሼ» ብላ፣ በእርስዎታ። ፎቶውን በፕላስቲክ አስለብጣ ይዛለች። «ሰዎች በአውቶቡስ እየተሻገሩ ዘመድ እየፈለጉ ነው፣ እኔም እስከ ወደቡ ወርጄ ልጠይቅ ወይ፣ ወይስ ከንቱ ድካም ነው፣ እርስዎ ያሉትን ነው የማደርገው» አለችኝ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለግብኝ። ስልክ ፈትቼ ብሎን በጥፍሬ ይዤ ነበር። ሂጂ አልኋት። በእግዜር ስም ምዬ ጨመርሁበት።

ሦስት ሳምንት ፎቶ ይዛ ዞረች። ሙቀቱ ጥሏት ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ታዲያ አሁን ምን አስነሣህ ቢሉኝ፣ ጽድቅ አይደለም፣ ንዴት ነው። ባለፈው ዓመት ሻለቃ እንግዳው ሞተ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣች፣ ግዳጁን ያለ አንዳች ጉዳት የፈጸመ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ከሬሳው አጠገብ ቆሜ ደሜ ፈላ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ለሃያ አራት ዓመት ያንኑ ስል የኖርሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያየ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። እኔ ከሞትሁ ፀጋው ለዘላለም በዚያ ጃንጥላ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚህ ላይ የዋሴ ሚስት ሞታ ዓመቷ ወጥቷል፣ እሱም ዓለምዬን እንደገና ጠይቋታል። መምሬ ቅዳሜ ና ያሉኝ ለዚህ ነው።

ሚኒባሱ ወቀን ላይ ለፍተሻ አርባ ደቂቃ አቆመን። ተመለስ ተመለስ አለኝ። ከወረድሁ ወደ ደባርቅ የሚመለስ መኪና በየደቂቃው ነበር። አልወረድሁም።

ዓለምዬ ቤት ስደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። መምሬ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሰማንያን አልፈዋል። ዋሴ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዓለምዬ ወንበር ሰጠችኝ። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መነጽር ማድረግ የጀመረችው በስፌቱ ነው። ደግሞ ምን ይል ይሆን ብላ የምትሰጋ አትመስልም ነበር፤ አንድ ነገር ለሦስት ጊዜ የሰማ ሰው በአራተኛው አይሰጋም።

መምሬ መስቀሉን ዘረጉ። ሳልቀመጥ ያዝሁትና ጀመርሁ፤ ብቀመጥ እንደማልናገር አውቃለሁ። ስለ ደሴቲቱ ነገርኋቸው፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ አሮጊቷ፣ ለሰዎቿ ሳይነገራቸው እንደተላከች፣ እኔ እያወቅሁ እጄን እንዳውለበለብሁለት። ስለ ስድስቱና ስለ አሥራ አራቱም ነገርሁ። ይህን መናገር አያስፈልገኝም ነበር፣ ለፍትሐቱ ሞተ ማለት ይበቃል። ግን ግማሹን ይዤ ብመለስ በኋላ የምሸከመው እሱን ነው። ጃንጥላ አልነበረም አልሁ። ብርሃን ነበር፣ ከዚያ ምንም አልነበረም። ፀጋው ያን ዕለት ያን ሰዓት ሞተ።

ጨረስሁ።  ዋሴ መሬት መሬት ያያል። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት የያዘኝ ነገር ለቀቀኝ ብዬ፣ አሁን መምሬ አልቅሰው ፍትሐቱን ነገ ይሉ ይሆናል እያልሁ ቆሜ ጠበቅሁ።

መምሬ መስቀሉን ከእጄ ወስደው በነጠላቸው ጠረጉት።

«ልጄ» አሉ፣ «በዚህ መስቀል ሁለት ጊዜ፣ በእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ ወረደ ብለህ ምለሃል። ዛሬ በዚሁ መስቀል ሞተ አልህ። እኔ አምንሃለሁ። የእኔ ማመን ግን ምን ያደርግላታል? በሐሰት የማለ ሰው ምስክርነቱ አይያዝም። ይህ ከእኔ በላይ ሆኗል፤ ለሀገረ ስብከት እጽፋለሁ።»

ታዲያ ሌላ ማን ይምጣ አልኋቸው፣ እንግዳው ሞቷል፣ አዛዡ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። መምሬ ሲመልሱ አልተቆጡም። ምነው ይህን ያን ጊዜ ባሰብኸው፣ ያኔ ሁለት ምስክር ነበር አሉ። ዋሴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ጠየቀ። መምሬ መንገዱም ጊዜውም እንዲህ ሆኖ መቼ እንደሚታይ አላውቅም አሉት። እሱ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ባርኔጣውን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠው።

ዓለምዬ መነጽሯን አውልቃ ዓይኔን ታየኛለች።

«ፀጋው ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ» አለች ቀስ ብላ፣ «በሩ ላይ፣ እየሳቀ፣ ያቺ አሮጊት ጃንጥላ እንኳ የላትም፣ ጸልዪልኝ ብሎኝ ነበር።»

 እውነት ነው፣ አሮጊቷ ጃንጥላ አልነበራትም። ዕቃ ጫኝ ናት፣ ማን ይሰጣታል። ይህን አየር ምድቡ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቅ ነበር። ስዋሽ እንኳ የማይሆን ውሸት ነው የዋሸሁት።

«ጃንጥላ የላትም አለኝ እሱ» አለች። «አንተ ደግሞ ሲከፈት አየሁ አልህ፣ መስቀል ይዘህ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችሁኛል። አንተ ሚዜው ነህ፣ መስቀል ይዘሃል፤ እሱ እየሳቀ ነው የተናገረ። ሃያ አምስት ዓመት ባሌን ነው ውሸታም ያደረግሁት፣ ልደቱ። ሊያስፈራራኝ ነው፣ ሊያስለቅሰኝ ነው እያልሁ። አንዳንድ ጊዜ ይህን ሳስብ እናደድበት ነበር። ሙት ላይ እናደድ ነበር።»

ጋሼ አላለችኝም፤ በአንተታ ነበር የምትናገረኝ። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትሁ። እጇን አነሣች፣ እንደ መማታት አይደለም፣ እንደ በቃ ማለት። ከዚያ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ወገቧ ላይ አሠረችው፣ ሻሿን ፈትታ ሲንጀሩ ላይ ጣለችውና ወደ ግቢ ወጣች።

ያቺ ሰው ላይ ጮኻ የማታውቅ ሴት በቀን ብርሃን መሐል ግቢ ቆማ ደረቷን መታች። «ፀጋዬ» አለች። «ፀጋዬ፣ እውነት ተናግረህ ነበር።» ደገመችው። ከዚያ ልቅሶው መጣ፣ ሃያ አምስት ዓመት የተጠራቀመ፤ እኔ መስማት ሥራዬ የነበረ ሰው ጆሮዬን በመዳፌ ያዝሁ።

ዋሴ ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ፤ ሊይዛት አልደፈረም፣ ባሏ ዛሬ ነው የሞተው። መምሬ ያለ ፍትሐት ልቅሶ የለም የሚሉ ሰው ናቸው። ይከለክሏታል ብዬ አየኋቸው። በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ቆባቸውን አወለቁ።

እኔ ወደ አጥሩ በር አመራሁ። ልሄድ ነበር። እዚህ ድረስ ከተናገርሁ ይህን አልደብቅም፣ ልሄድ ነበር። ግን ዳባት ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይመጣል። በሩ ላይ ስደርስ ሰፈሩ እየገባ ነው። አንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ አንዱ ማረሻ ሲስል ከነሞረዱ፣ ልጅ ያዘለች፣ ሽማግሌ። ማን ሞተ፣ ማን ሞተ ይላሉ። በሩ ላይ የቆምሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ መርዶ ነጋሪ ነው፣ መመለስ አለበት።

አንዲት አሮጊት ከፊት ቀደሙ፣ ጎረቤት ናቸው፣ ያን የሐምሌ ቀን እልል ካሉት ውስጥ ሳይሆኑ አይቀሩም። ክንዴን ያዙ፣ ዓይናቸው ደካማ ነው፣ ማን እንደሆንሁ አላወቁኝም።

«ማን ሞተ፣ ልጄ?»

«ፀጋው።»

«የትኛው ፀጋው? ጃንጥላ ያወረደው?»

«ጃንጥላ አላወረደውም፣ እማማ። ሞቷል።»

«ወዮ! መቼ?»

«በዘጠና ሁለት፣ ግንቦት።»

ከኋላቸው ያሉት ቆሙ። ልቅሶው ከግቢው ይመጣል። አሮጊቷ በጣታቸው ዓመቱን ሳይቆጥሩ አልቀሩም፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ማን አየው?»

«እኔ።»

ክንዴን አልለቀቁም። ፊታቸውን አስጠግተው አዩኝ።

«እና እስከ ዛሬ የት ነበርህ?»

«ደባርቅ» አልኋቸው።